እጅጌው ትንሽ ይርዘም

ልብስ ሰፊዋን «ዓይኗ ሜትር ነው» ይሏታል። አንዲት ሴት በሯን አልፋ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ እሷ ወገቧንም፣ ትከሻዋንም፣ የእጇንም ርዝመት ለክታ ጨርሳለች፤ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አውርዳ የምትዘረጋው ለወጉ ያህል ነው። ደንበኛዋ «ካለፈው ወዲህ አንዲት ግራም አልጨመርኩም» ብላ ስትምል ሰፊዋ ፈገግ ብላ ዝም ትላለች፤ ጨርቁ ላይ ግን ሁለት ሴንቲ ትጨምራለች። ጠበበኝ ተብሎ የተመለሰባት ልብስ የለም።

ያን ቀን ጠዋት ድንቡሼ ቀሚሷን አውልቃ ጀርባዋን ስትሰጣትም ሳታስበው ለካች። ከቀኝ ትከሻዋ ሥር ተነሥቶ እስከ ወገቧ የወረደው ሰንበር የቀበቶ አልነበረም። የድንቡሼ ባል ቀበቶ አራት ሴንቲ ነው፤ ቀበቶውን ታውቀዋለች። ይኼኛው አንድ ሴንቲ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጠርዙ ቆዳውን እንደ ምላጭ ከፍቶት ደሙ በቀጭን መስመር ደርቋል። ስድስት ቦታ። ሁለቱ ሰንበሮች በተገናኙበት ላይ ሥጋው ቀልቶ ገና ያዣል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እጅጌው ትንሽ ይርዘም» አለች ድንቡሼ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች። «ኮሌታውም ከፍ ይበል። ቁልፉን ከፊት አድርጊው፤ ክንዴን ማንሣት አልቻልኩም።»

«ምንድን ነው አልኩሽ እኮ!»

«የብረት ሜትሩ።»

ሰፊዋ የራሷን ሜትር በሁለት ጣቷ ይዛው ነበር። ለቀቀችው። መሬት ላይ ተጠቅልሎ ቀረ።

ድንቡሼ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ሰፈር ስትመጣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ዳሌዋ ሞልቶ፣ ሳቋም ቤቱን ሞልቶ ስለነበር ጎረቤታቸው ነርሷ ያወጣችላት ስም ነው። ሰፈሩ ከከተማው ጫፍ፣ የአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ ካለፈ በኋላ የሚገኝ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት መስኮትና ከኋላ አንድ ዓይነት ጠባብ ጓሮ አላቸው። የሰከረ ሰው የጎረቤቱን በር በራሱ ቁልፍ ሲታገል ማየት የተለመደ ነው። የድንቡሼና የሰፊዋ ቤት ደግሞ የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላይቱ «ይማርሽ» ትላለች። አሁን ድንቡሼ በሦስት ዓመት ውስጥ ከወገቧ አሥራ አራት ሴንቲ ጎድሏል። ስሙ ብቻ እንደ ሰፋ ልብስ ላይዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ባሏ መሬት ቀያሽ ነው። ሰፈሩ «ባል ማለት እሱ ነው» ብሎ የሚምልበት ሰው ነው፤ ቀድሞ ሰላም ይላል፣ ለአሮጊት ዕቃ ይሸከማል፣ ሁለት ጎረቤት በአጥር ሲጣሉ ችካልና ሲባጎውን ይዞ መጥቶ አስማምቶ ይመለሳል። ሰፊዋ ራሷ የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነውን ባሏን፣ በአራት ቀን አንዴ መጥቶ በልቶ፣ ተኝቶ፣ አምስት ቃል ሳይናገር የሚሄደውን ሰው፣ «እስቲ ቀያሹን እየው!» ያለችበት ጊዜ ነበር። ያን ቃል ባስታወሰች ቁጥር ምላሷ ይመርራታል።

ቀያሹ ጮኾ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ዕቃ ሁሉ ቦታ አለው፤ ብርጭቆው ከመደርደሪያው ጠርዝ ሁለት ጣት ከራቀ ድንቡሼን ይጠራታል፤ በለሰለሰ ድምፅ «ነይማ፣ የኔ ቆንጆ» ይላታል። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ሰፊዋ ከግድግዳው ወዲህ የምትሰማው ሬዲዮኑን ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ድንቡሼ ቅንድቧ ተከፍቶ በጓሮ በኩል ስትመጣ ያቺው ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ ከሆስፒታል በያዘችው ክርና መርፌ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰፋቻት። «ሆስፒታል ከሄድኩ ይጻፋል፤ ከተጻፈ ይሰማል፤ ከሰማ ይገድለኛል» ስትል ለማንም እንዳይናገሩ ሲስተር በልጆቿ፣ ሰፊዋም በእናቷ ማሉላት። ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። ሲስተር ቁስሉን ትሰፋለች፣ ሰፊዋ መሸፈኛውን። ደም ቢያዥ እንዳይታይ ከውስጥ ጥቁር ገበር፣ ለአንገት ጣት የማያሳልፍ ድርብ ኮሌታ፣ እስከ መዳፍ የሚወርድ እጅጌ። ድንቡሼ የምትሠራው ዳቦ ቤት ስለሆነ እጇ ላይ የሚቀረውን ደግሞ «ምድጃው ነው» ትላለች። እንዲህ አድርገው ሦስት ዓመት አለፈ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ሴቶች በዚህ ሥራቸው በልባቸው ይኮሩ ነበር። ኮሌታውን ያዩ ሌሎች ሴቶችም «እንደ ድንቡሼ አድርጊልኝ» እያሉ ያዝዙ ጀመር፤ ዛሬ ከሰፈሩ ሴት ግማሹ አንገቷን ተሸፍና ነው የምትሄደው።

«አልሰፋም» አለች ሰፊዋ።

«ምን?»

«አልሰፋም። ከዛሬ ጀምሮ እጅጌ የሌለው ካልሆነ አልሰፋልሽም።»

ድንቡሼ ዞረች። ከዓይኗ እንባ አልወጣም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኗል። «ነይ ላሳይሽ» አለችና ያወለቀችውን ቀሚስ በደረቷ ይዛ ወደ ጓሮ መስኮት ሄደች።

ከዝቅተኛው አጥር ማዶ፣ በድንቡሼ ጓሮ፣ አራት ችካሎች ተተክለዋል። በሲባጎ ተያይዘዋል፤ ማእዘናቸው ልክክ ያለ ነው። ውስጡ ያለው ሣር ተልጧል።

«ለሰው ሁሉ የአበባ መደብ ነው ብሏል» አለች ድንቡሼ። «ማታ ግን ሜትሩን ይዞ መሬት ላይ አስተኛኝ። ከራሴ እስከ እግሬ ለካ። ከዚያ ወጥቶ ችካሉን መታ። ሲመለስ ‹በሚቀጥለው ጊዜ ሥራ እንዳይበዛብኝ ብዬ ነው› አለኝ። ጮኼ ተነሣሁ። ጀርባዬ ያኔ ነው...»

ሰፊዋ ሳታስበው ዓይኗ ሥራውን ጨርሷል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፣ ከዳርና ከዳር ትንሽ መላወሻ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት የድንቡሼ ቁመት ነው። ስምንት ዓመት ቀሚስ ሰፍታበታለች።

ልብሱን አለበሰቻት፤ የድሮውን፣ ኮሌታው ድርብ የሆነውን። ሌላ የሚለበስ አልነበረም።

ሲስተር አዳር ሠርታ ገብታ ተኝታ ነበር። በሯን ሲደበድቡት ፀጉሯ ተንጨባርሮ ወጣች። «የሞተ ሰው ካለ ንገሩኝ፤ ከሌለ እኔ ልሙትና ልተኛበት» አለች። ፊታቸውን ስታይ ግን ቀልዱን አቆመች፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛብታ አድርጋ ተከተለቻቸው። ፖሊስ ጣቢያው እስኪደርሱ ድንቡሼን በክንዷ ደግፋ እያወራች ሄደች። «እኔ የፈታሁት ባሌ እኮ ደግ ሰው ነበር። ጥፋቱ እቤት ውስጥ መኖሩ ብቻ ነው። ያንቺው ሲታሰር ሦስታችን ቤቱን እንከራየዋለን፤ ሬዲዮኑን ግን እኔ ነኝ የምሰብረው፣ እንዳትቀድሙኝ።» ድንቡሼ ፈገግ አለች። ፈገግ ስትል ጀርባዋ ተሳበና ፊቷ ጨፈገገ።

መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተቆለለው ፋይል አገጯ ይደርሳል። በዚያው ክፍል ሌሎች ሁለት ጠረጴዛዎች አሉ፤ በአንዱ ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው ይጨቃጨቃል፣ በሌላው ሁለት ወንድማማቾች በአንድ በር ቁልፍ ይካሰሳሉ። መርማሪዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ለድንቡሼ የራሷን ወንበር ሰጥታ፣ ራሷ ቆማ ጻፈች።

«ከዚህ በፊት ሐኪም ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አልሄድኩም።»

«በሦስት ዓመት ውስጥ አንዴም?»

«አንዴም።»

«ታዲያ ስትጎጂ ማን ነበር የሚያክምሽ?»

ሰፊዋ ወደ ሲስተር ዞረች። ሲስተር ጣቶቿን ትቆጥር ይመስል አቀርቅራለች። ሁለት ሴት ልጆቿን ታስተምራለች፤ ከሆስፒታል ክርና ማደንዘዣ እያወጣች በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰው መስፋቷ ከተሰማ ፈቃዷን ይነጥቋታል። ያቺ ለዶክተርም ለአለቃም የማትመለስ ሴት፣ ሰፊዋ ካወቀቻት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቃል አጣች።

«ማንም» አለች ድንቡሼ፣ ለጓደኛዋ ስትል።

«እሺ። አሁን ሰውነትሽ ላይ የሚታይ ነገር አለ?»

ብስክሌት የተሰረቀበት ሰውዬ ክርክሩን አቁሞ ዞረ። ወንድማማቾቹም ዞሩ። ድንቡሼ ኮሌታዋን ያዘች።

«ወድቄ ነው» አለች።

ማንም ስለ መውደቅ አልጠየቃትም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ለደንበኛ፣ ለእናቷ የሰጠችው መልስ ነው፤ አፏ ራሱ አወጣው። ወዲያው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን ብዕሩ ቆሟል።

መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «እህቴ፣ እኔ ልመንሽ። ነገ ግን ዳኛው ፊት ምን ይዤ ልቅረብ? ችካሉን? ‹የአበባ መደብ ነው› ይለኛል፤ አበባ መትከል ወንጀል አይደለም። ሆስፒታል ሄደሽ ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪልኝ። እስከዚያው እሱን ልጥራው፤ ፖሊስ ሲደውልለት ልብ ይገዛ ይሆናል።» እዚያው ቆመው ሳለ ደወለች። በስልኩ ውስጥ የቀያሹ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፦ «እሺ እመቤቴ፣ በደስታ። ነገ ሦስት ሰዓት። ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ።»

በር ላይ እንደወጡ ሰፊዋ ፈነዳች።

«ምነው ሲስተር! ያ ምላስሽ ዛሬ የት ሄደ?»

«የኔ ምላስ?» ሲስተር ዓይኗ ቀላ። «አንቺስ? እጅጌውን ማን ነው ያስረዘመው? አንገቷን እስከ ጆሮዋ ማን ነው የቆለፈው? ደሟን በጥቁር ገበር ማን ነው የደበቀው? እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

«እኔ ልጆች የለኝም ብለሽ ነው እንዲህ የምትናገሪኝ?»

«ልጆቼን አታንሺ!»

«ተዉ» አለች ድንቡሼ፣ በሁለቱ መካከል ቆማ። «እኔ ነኝ አርዝሚልኝ ያልኩት። እኔ ነኝ አትናገሩብኝ ያልኩት። አሁን በመንገድ ላይ አትጣሉብኝ፤ ከእናንተ ሌላ ማንም የለኝም።»

ሲስተር ቀድማ ቀዘቀዘች። የምታውቀው ዶክተር ስላለ ሄዳ ለነገ ጠዋት ልታስመዘግባት ተስማሙ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ» አለች። «በሩን ለማንም እንዳትከፍቱ። ለማንም!» ከዚያ ያለ ስንብት ወደ አውቶቡሱ ሮጠች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰፊዋ የጎረቤት ቀሚስ ትተኩስ ነበር። ሥራ ሳትይዝ መቀመጥ አትችልም። ድንቡሼ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ የጨርቅ ክምር ላይ በሆዷ ተኝታለች። በሩ ሦስት ጊዜ በቀስታ ተንኳኳ።

«እህታችን፣ እንዴት ዋልሽ» አለ የቀያሹ ድምፅ። «ባለቤቴን ልወስድ ነበር።»

«እዚህ የለችም።»

«ውይ። ጫማዋን ረስታ ነዋ የሄደችው።»

ሰፊዋ ቁልቁል አየች። የድንቡሼ ጫማ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይታያል፤ ጥንድ ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጧል። ጫማ እንዲህ ማስቀመጥ የቀያሹ ቤት ሕግ ነው። ድንቡሼ በሰው ቤት፣ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እንኳ፣ ሕጉን አልረሳችም።

በሩ በመጀመሪያው ምት ማጠፊያው ተላቀቀ፤ በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ወደቀ። ቀያሹ በላዩ ላይ ተራምዶ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ፀጉሩ የተበጠረ ነው። ሰፊዋ ከፊቱ ቆመች። ቡጢው አፏን መታት፤ የፊት ጥርሷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ከስፌት መኪናው ጋር ተጋጭታ አብራው ወደቀች፤ የመኪናው ጎማ ጎድኗ ላይ አረፈ፣ ትንፋሿ ተቋረጠ። ስፒሎቹ መሬት ላይ ተበተኑና መዳፏ ውስጥ ተሰኩ።

እሱ ወደ እሷ አልዞረም። ጎንበስ ብሎ ድንቡሼን ከጠረጴዛው ሥር በፀጉሯ ጎተታት። የጠረጴዛውን እግር አቅፋ ያዘች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው፣ ትንሿ ጣቷ ስትሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ድምፅ አሰማች።

«ለፖሊስ ነው የምትነግሪብኝ?» አለ፤ አሁንም በዝግታ ነው። «ስም አለኝ እኮ እኔ። ሰው ያከብረኛል። ምን ጎደለብሽ? ንገሪኝ፣ የኔ ቆንጆ፣ ምን ጎደለ?» በየጥያቄው መሃል ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጫል። ሦስት ጊዜ። አራት። ደሙ የጎረቤቷ ቀሚስ ላይ ተረጨ።

ከዚያ ከኪሱ የብረት ሜትሩን አወጣ። ሳበው፤ ብረቱ አፏጨ። አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው፣ ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ፣ በተቆረጠው ሥጋ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሳበ። የድንቡሼ እግር መሬቱን መታ። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። አልጮኸችም፤ ለመጮህ የቀራት አየር አልነበረም።

ሰፊዋ መኪናውን ከላይዋ ስትገፋ የጎድን አጥንቷ ሲላቀቅ ተሰማት። ካውያው መተኮሻው ላይ ቆሞ እንፋሎት ይተፋል። አነሣችው። ብዙ አላሰበችም፤ አስባም ቢሆን ያንኑ ታደርግ ነበር። ሜትሩን የያዘው እጁ ላይ አሳረፈችው።

ቆዳው ተንጨረጨረ። ጣቱ ግን አልላላም፤ ጥርሱን ነክሶ ይበልጥ ሳበ። እሷም ይበልጥ ተጫነች። የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ቤቱን ሞላው። አሁንም አልለቀቀም። ካውያውን አንሥታ ጉንጩ ላይ ለጠፈችው፤ ከጆሮው እስከ አገጩ፣ እንደ ኮሌታ አድርጋ።

ያኔ ጮኸ። ስምንት ዓመት ሙሉ ድምፁ ከፍ ብሎ ያልተሰማው ሰው ያወጣው ጩኸት የመንገዱን ሰው ሁሉ ከቤቱ አስወጣው።

ጎረቤቶች ሲደርሱ ያዩት ይኼን ነው፦ ቀያሹ ፊቱ ተልጦ፣ እጁ አብጦ በሩ ላይ ተንበርክኳል። ሰፊዋ ካውያ ይዛ፣ አፏ ደም ሞልቶ ቆማለች። ድንቡሼ ኮሌታዋ እንደተቆለፈ፣ እጅጌዋ እንደወረደ፣ ግድግዳ ተደግፋ ትስላለች። ግንባሯ ይደማል፤ ግን ግንባር ማንም ይደማል።

«ምን በደለሽ ይኼ ምስኪን ሰው?» አለች ባለ ሱቋ፣ እሷም ያንኑ ከፍተኛ ኮሌታ ለብሳለች። «እንዲህ ይደረጋል? ሰው እኮ ነው!»

«ፍረዱኝ» አለ ቀያሹ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ሚስቴ ታማለች። ራሷን ስታጋጭ ላስቆማት ገባሁ። ይቺ ሴት አበደችብኝ።»

አንድ ሰው ውሃ አመጣለት። ሌላው ትከሻውን ደገፈው። ለድንቡሼ ውሃ ያመጣ የለም።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ደውሎ ነበርና መርማሪዋ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣች። ፊቱን አየች፣ ካውያውን አየች፣ የወደቀውን በር አየች። ወደ ድንቡሼ ቀርባ «ምን ተደረገ?» አለቻት። ድንቡሼ አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም። ብረቱ ድርቡን ኮሌታ አልቆረጠውም፤ ጉሮሮዋን ግን ከውስጥ ዘግቶታል። ኮሌታው አድኗታል፤ ያዳነበትን ምልክትም ደብቆታል። ሰፊዋ ይኼንን አየች። አሁን ይኼ ሁሉ ሰው እሱን አምኖ ከተበተነ ነገ ግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ይከፈታል፤ ከዚያ ችካሎቹ አሉ።

ድንቡሼ በተሰበረ ጣቷ መሬት ላይ ወደወደቀው መቀስ ጠቆመች። ከዚያ ወደ እጅጌዋ።

«ሰው ፊት?» አለች ሰፊዋ።

ድንቡሼ በራሷ እሺታን አሳየች።

ሰፊዋ መቀሱን አነሣች። ከመዳፉ ጀምራ እስከ ትከሻው ሰነጠቀችው፤ በእጇ ዘምዝማ የሰፋችውን ጠርዝ ስትቆርጥ ክሩ ጠብ ጠብ እያለ ተበጠሰ። ኮሌታውን ቆረጠች። ጀርባውን ቆረጠች። ጥቁሩ ገበር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ሲላቀቅ ድንቡሼ ጥርሷን ነከሰች። ጨርቁ ወደቀ።

ባለ ሱቋ አፏን ያዘች።

«ይኼ ቀበቶ ነው፤ አራት ሴንቲ» አለች ሰፊዋ፣ በተሰበረ ጥርሷ እየተኮላተፈች፣ በመቀሱ ጫፍ ሳትነካ እያሳየች። «ይኼ ክብ የሲጋራ ነው። ይኼ የመጥበሻ ጠርዝ ነው፣ የአምናው። ይኼ ስድስቱ የትናንት ማታ፣ የብረት ሜትር። አንገቷ ላይ ያለው የአሁን ነው፤ ስፋቱ እኩል ነው። ሜትሩ ያው መሬት ላይ አለ፤ አምጡና ለኩ።»

ቀያሹን የደገፈው ሰው እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የድንቡሼን ክንድ አየች። አንድ የቆየ ጠባሳ ላይ ጣቷን አቆመች፤ በሁለት በኩል ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈዋል። «ይኼ ተሰፍቷል» አለች። «በባለሙያ እጅ ነው የተሰፋው። ማን ነው የሰፋው?»

ሰፊዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን የምትገልጠው የሷ ምስጢር አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

ሲስተር ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መጣች። ከአውቶቡሱ ሮጣ ስለነበር ትንፋሿ ይቆራረጣል። የድንቡሼን ጀርባ አየችና አንድ አፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ገለጠችው።

«ጻፊ» አለች መርማሪዋን። «ክንዷ ላይ ሰባት ስፌት። ቅንድቧ ላይ አምስት። ራስ ቅሏ ላይ፣ ፀጉሩን ስትገልጪ ታገኚዋለሽ፣ አሥራ አንድ። ሁለት ጎድን ተሰብሮ አስሬላታለሁ። አንድ ፅንስ ወርዶባታል፣ በሦስተኛ ወሩ፣ በእርግጫ፤ እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ክሩን ከሆስፒታል ነው የወሰድኩት። ስሜን ሙሉውን ጻፊ።»

«ሲስተር፣ ይኼ ሥራዎትን...»

«አውቃለሁ። ጠዋት አውቄ ዝም ብያለሁ። አሁንም አውቄ ነው የምናገረው። ጻፊ አልኩሽ!»

ቀያሹ ለመነሣት ሞከረ። «እናንተ ሴቶች...» ብሎ ጀመረ። ፖሊሶቹ ሁለቱን እጆቹን ከኋላ ያዙት፤ የተቃጠለው እጁ ሲነካ አቃሰተ። መርማሪዋ በፋሻ እንዲጠቀለልለት አዘዘች፤ ያን ለማንም ሰው ታደርገው ነበር። ከዚያ በፊተኛው መኪና ጭነውት ሄዱ።

«አንቺም ትመጫለሽ» አለቻት መርማሪዋ ሰፊዋን። «የሆነውን አይቻለሁ። ግን ፊቱን አቃጥለሻል፤ ቃልሽን መቀበል አለብኝ። ምን እንደሚሆን ዛሬ ልነግርሽ አልችልም።»

«እሺ» አለች ሰፊዋ። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ወጣች።

ኋለኛው መኪና ላይ ስትቀመጥ ጎኗ እንደ ጩቤ ወጋት። በሩ ሳይዘጋ ድንቡሼ በአንሶላ ተጠቅልላ ገብታ አጠገቧ ተለጠፈች።

«አንቺ ሆስፒታል ነሽ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ።

ድንቡሼ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ወደ ብዕሩ አመለከተች።

«መጀመሪያ ይጻፍልኝ ነው የምትለው» አለች ሲስተር፣ ከወዲያኛው በር እየገባች። «ባይሆን ጠጋ በሉ፤ እኔም የሆስፒታል ክር ሌባ ነኝ። ውይ፣ ይኼ መኪና ደግሞ ለቀጫጮች ነው እንዴ የተሠራው?» ማንም አልሳቀም። እሷም ለማሳቅ ያለችው አልነበረም፤ እጇ የድንቡሼን የደም ሥር ይዞ ትርታውን ይቆጥር ነበር።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጎረቤቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው መንገድ ለቀቁ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ሰበረ። መርማሪዋ ከፊተኛው ወንበር ዞራ አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሪልኝ» አለች። «ቀስ ብለሽ። አልቸኩልም።»

ድንቡሼ ምራቋን ለመዋጥ ሁለት ጊዜ ታገለች። የወጣው ሹክሹክታ እንኳ አይባልም፤ መርማሪዋ ጆሮዋን ወደ አፏ ማስጠጋት ነበረባት።

«ማክሰኞ ነበር» አለች። «ሻይ አፍልቼ ነበር።»